«ዘይድ ተመታ»፤ ማን መታው? ስለ ድሮን የምንጽፈውና የምናነበው



ስለ ሌላው ጥፋት ከመጻፋችን በፊት የራሳችንን እናስቀድም። ኢንተርኔቱ ወደ ከተማችን ከተመለሰ በኋላ አንድ ምሽት ይህ ገጽ አንድ ፎቶ ለጠፈ። የፈረሰ ቤት፣ አቧራ የለበሰ ሕፃን፣ ከላይ የአንዲት የጎጃም ከተማ ስም፣ ከሥሩ የሟቾች ቁጥር። የላከልን የምናምነው ልጅ ነበር፤ እሱም ያገኘው ከቴሌግራም ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ሰው እንዳጋራው አንነግራችሁም፤ ያሳፍራል። በማግሥቱ አንድ ተማሪ ፎቶው የየመን እንደሆነና ከተነሣ ዓመታት እንዳለፉት አሳየን። እኛስ ምን አደረግን? ዝም ብለን አጠፋነው። እርማት የለ፣ ይቅርታ የለ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ዐስር ሰግደን ስንወጣ፣ አንድ ነጋዴ መስጂዱ በር ላይ ጠበቀን። ወንድሙ በዚያች ከተማ ይኖራል። ጽሑፋችንን ያነበበ ሌሊት ስልክ ሲደውል አደረ፤ አይገባም። ሲነጋ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ ሳያጣራ ወጣ። ሁለት ቦታ አውርደው ፈተሹት፤ አንደኛው ቦታ ላይ ለምን እንደሚሄድ ሲጠይቁት የእኛን ጽሑፍ ከስልኩ አውጥቶ ሊያሳያቸው ሲል ልቡ ነግሮት ተወው። ቢያሳያቸው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላህ ያውቃል። ደርሶ ወንድሙን ሱቁ ደጃፍ ላይ ቡና ሲጠጣ አገኘው። አልሐምዱሊላህ። ሰውየው አልሰደበንም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ከየት አገኛችሁት?» ብቻ አለን። መልስ አልነበረንም።

ሸኻችን ነገሩን ሲሰሙ እንደጠበቅነው አልተቆጡም። «ማን አየ? ለማን ነገረ? እናንተ ዘንድ እንዴት ደረሰ?» አሉና ዝም አሉ። የከፋን ዝምታቸው ነው። ምክንያቱም እኛ የተማርነው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ሐሪማ ገብተን፣ ኪታብ ተሸክመን፣ ከደረሳ ጋር ስንቀራ የሐዲስ ሊቃውንት ለአንዲት አረፍተ ነገር ምን ያህል እንደደከሙ ሰምተናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲህ ብለዋል የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰነዱን ነው። ራዊው ማን ነው? ከማን ሰማ? ሁለቱ ተገናኝተዋል ወይ? የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነበር? በውሸት ይታወቃል? መሃል ላይ አንድ ሰው ከጎደለ ሰነዱ የተቆረጠ ነው ይባላል። ሰውየው ሰጋጅና አልቃሽ መሆኑ ብቻውን አያድነውም። «ሰውን ወደ በጎ ለመምራት» ብለው ሐዲስ የፈጠሩ ደጋግ የሚመስሉ ሰዎች ነበሩ፤ ሊቃውንቱ ሳያፍሩ መውዱዕ ብለው ጻፉባቸው። የሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣ ማጣራትን ያዘዘን፣ ሳናውቅ ሰው ጎድተን ኋላ እንዳንጸጸት ነው። ታዲያ ስለ ውዱእ ውሃ የሚነገርን ቃል እንዲህ የምናጣራ ሰዎች፣ ስለ ሰው ደም የሚነገረውን ግን ጣታችን ስልኩን ሲነካ እናሳልፈዋለን!

የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው። በአማርኛ ስለ ድሮን የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ፣ የሚያወድሰውም፣ የሚያስተባብለውም፣ የሚያስፈራራውም፣ ሰነድ የለውም። ሰነድ ስለሌለው ደግሞ አደጋውን ወይ ያሳንሰዋል ወይ ያገዝፈዋል። ሁለቱም ሰው ያስገድላሉ።

ከሚያሳንሱት እንጀምር። መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ዘይድንና ዐምርን ያውቃቸዋል። በነሕው ትምህርት ዘይድ ዐምርን ሲመታ ይኖራል፤ ለምን እንደሚመታው እስከ ዛሬ ማንም አልነገረንም። ከዚያ ምዕራፉ ይቀየርና «ዱሪበ ዘይዱን» ይመጣል፤ ዘይድ ተመታ። ግሱ መጅሁል ሆነ፣ ፋዒሉ ጠፋ፣ ተመቺው በመቺው ቦታ ቆሞ ናኢቡል ፋዒል ተባለ። ፋዒሉ ለምን ይደበቃል ብለን ስንጠይቅ ኡስታዛችን ምክንያቶቹን በጣታቸው ይቆጥሩልን ነበር፤ መቺው ስለማይታወቅ ሊሆን ይችላል፣ በጣም ስለሚታወቅም፣ እሱን ከመፍራትም፣ ለእሱ ከመፍራትም።

የድሮን መግለጫ የሚጻፈው በዚህ ምዕራፍ ነው። እርምጃ ተወሰደ። ዒላማው ተመታ። ኃይሉ ተደመሰሰ። እስቲ ያነበባችኋቸውን አስታውሱ፤ በስንቱ ውስጥ «እኔ አዘዝኩ»፣ «እኛ ተኮስን» የሚል ግስ አገኛችሁ? ስያሜውም ራሱ ያግዛል፤ «ሰው አልባ አውሮፕላን»። ሰው የለበትም እኮ! ታዲያ ማንን ትጠይቃለህ? እውነቱ ግን ሌላ ነው። አገራችን ከገዛቻቸው ውስጥ ስሙ የገነነው የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ2 በሠርግ ላይ እንደምናየው ካሜራ ያንጠለጠለ ላስቲክ አይደለም። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሜትር ነው፤ ሲነሣ እስከ 700 ኪሎ ይመዝናል፤ ከ24 ሰዓት በላይ አየር ላይ መቆየት ይችላል፤ አራት ቦምብ ይሸከማል። መሬት ላይ ባለው ክፍል ውስጥ ደግሞ አብራሪው፣ ካሜራውንና መሣሪያውን የሚቆጣጠረው ባለሙያና የተልዕኮው አዛዥ ይቀመጣሉ። ሦስት ሰው ማለት ነው። ከእነሱ በላይ ደግሞ የሚያዝዝ አለ። ሰው አልባ የሆነው አውሮፕላኑ ብቻ ነው፤ ሥራው ሰው አልባ አይደለም።

ከታችም ሰው አለ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ሰዎች ለዓለም መገናኛ ብዙኃን ተናገሩ። ጥቅምት 26 ቀን 2016 በሰሜን ሸዋ ወደራ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመትቶ 7 ሰዎች፣ ከነሱም 3 መምህራን፣ ሞቱ። ከሦስት ቀን በኋላ ጥቅምት 29 በምሥራቅ ጎጃም ዋበር መናኸሪያ አውቶቡስ የሚጠብቁ 13 ሰዎች ተገደሉ። እነዚህን ሁለቱን ያሳወቀው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ ነው። ኅዳር 20 ደላንታ ወገልጤና ላይ፣ ሆስፒታል ደጃፍ፣ አምቡላንስ ተመትቶ ቢያንስ 4 ሰዎች ሞቱ። ያው ቢሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀበት ከሐምሌ 28 ቀን 2015 እስከ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ባለው ጊዜ ብቻ በክልላችን 18 የድሮን ጥቃቶች 248 ሰላማዊ ሰዎችን እንደገደሉ ጽፏል። አምስት ወር እንኳ ያልሞላ ጊዜ ነው። መንግሥት ሰላማዊ ሰው ዒላማ አላደርግም ይላል። እንግዲያውስ በዋበር መናኸሪያ የቆሙት 13ቱ ምን ነበሩ? ይህን በመጠየቅ ማንም ጽንፈኛ ሊባል አይገባውም።

«ካሜራው ሁሉን ያያል፣ አይሳሳትም» የሚለውን ውዳሴም ከየት እንዳመጣነው እንጃ። ነሐሴ 23 ቀን 2013 የአሜሪካ ድሮን ካቡል ውስጥ አንድ መኪና መታ። ጦሩ ፈንጂ የጫነ አሸባሪ ነው አለ፤ ከፍተኛ አዛዡም ትክክለኛ ጥቃት ነው ብሎ ተከራከረለት። ጋዜጠኞች ሄደው መኪናው የተጫነው ለቤተሰብ የሚሆን የውሃ ጀሪካን እንደነበር አጣሩ። 10 ሰዎች፣ ከነሱ 7ቱ ሕፃናት። መስከረም 7 ቀን 2014 ጦሩ ስህተት ነበር ብሎ አመነ። በዓለም ላይ ከሁሉ የረቀቀ ካሜራ ያለው ጦር ጀሪካንን ፈንጂ ብሎ አየ። የእኛው ካሜራ ጋቢ ለብሶ ዱላ የያዘን ገበሬ ከሩቅ ምን ብሎ ያያል?

አሁን ወደሚያገዝፉት እንሻገር። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ ትቀየሙናላችሁ፤ ሆኖም አድምጡን። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ነበር። ያየው ሰው መጻፍ አልቻለም፤ የጻፈው ሰው አላየም። አገር ውስጥ ያለው ሲዘጋበት፣ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የተቀመጠው ተናጋሪ ሆነ። ከእነሱ መካከል እውነት የያዙ፣ ሌሊት ሙሉ ሲያጣሩ የሚያድሩ አሉ፤ አላህ ይስጣቸው። ብዙዎቹ ግን እኛ በዚያ ምሽት የሠራነውን በየቀኑ የሚሠሩ ናቸው። የሶሪያን ፍርስራሽ ጎጃም ብለው ይለጥፋሉ። የሞተውን በአምስት ያባዛሉ። ያልተመታች ከተማን ይመታሉ። ሲነገራቸው «ዓላማው ትክክል ነው» ይላሉ። ቅድም «ለበጎ» ብለው ሐዲስ ስለፈጠሩ ሰዎች ያወራነውን አስታውሱ።

ጉዳቱ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። አንድ ያየነውን እንንገራችሁ። ከከተማው ወጣ ብላ በጣና ዳር ባለች መንደር አንዲት እናት ወደ አኺራ ሄዱ። ልጆቻቸው ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው፤ ሰፈሩ ለለቅሶም ለሠርግም የማይቀር ሰፈር ነው። በዚያ ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ይዞር ነበር፤ ድሮኑ ከላይ ሆኖ ሰው ይቆጥራል፣ ከሃያ በላይ ካገኘ ራሱ ይተኩሳል የሚል። ደብዳቤ ቁጥር እንኳ የተሰጠው የሚመስል፣ «ከውስጥ አዋቂ የተገኘ» የተባለ። ጀናዛው ላይ ኢማሙን ጨምሮ 11 ሰው ተገኘን። ለጀናዛ ሦስት ሶፍ ማድረግ የተወደደ ስለሆነ አሥራችን አራት፣ ሦስት፣ ሦስት ሆነን ቆምን። ከኋላችን ባዶ ሜዳ ነው። ማዶ ከዛፍ ሥር የቆሙ ጎረቤቶች እያዩን ነበር፤ ተነጣጥለው፣ ሁለት ሁለት ሆነው። አንዱ ቀብሩ ካለቀ በኋላ መጥቶ የሟቿን ልጅ እጅ ይዞ አለቀሰ። አንድ የጀልባ ሞተር ሐይቁ ላይ ሲያጓራ ሁላችንም ቀና አልን። ሰማይ ላይ ምንም የለም።

እነዚያን ጎረቤቶች ፈሪ አንልም። ዋበር ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው የሞተበት አገር ነው፤ ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ሐሰቱ ያለው በሕጉ ላይ ነው። ሃያ ቆጥሮ ራሱን የሚተኩስ ድሮን የለም። የሚቆጥር ሰው አለ፤ አይቶ «ተኩስ» የሚል ሰው አለ። ልብ በሉ፣ አስፈራሪው ጸሐፊ ድሮኑን ጂን አደረገው፣ ከሰው ትእዛዝ ውጭ የሚያድን አውሬ አደረገው። መግለጫ ጸሐፊው ደግሞ «ሰው አልባ» አለው። ሁለቱ በሰማይና በምድር የተለያዩ ይመስላሉ፤ ሄደው ሄደው ግን አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ሁለቱም ፋዒሉን አወጡት። ጂንን ፍርድ ቤት የሚያቆም የለም።

ሌላም ጉዳት አለ። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ምሥራቅ ጎጃም ገደብ ላይ በትምህርት ቤት አካባቢ የተሰበሰቡ ሰዎች ተመቱ፤ ነዋሪዎች ከ100 በላይ ሰው እንደሞተ ለመገናኛ ብዙኃን ተናገሩ። ከባድ ነገር ነው። ግን በዚያ ሰሞን ገጾቹ እየተሽቀዳደሙ የተለያየ ቁጥርና የሌላ አገር ፎቶ ሲለጥፉ፣ የሚያስተባብለው ወገን ሥራው ቀለለለት። አንዷን ሐሰተኛ ፎቶ አንሥቶ ቢያሳይ በቃው፤ ከእሷ ጋር እውነተኛው ሬሳም አብሮ ሐሰት ሆነ። ልጁን ቀብሮ የተቀመጠ አባት «የፌስቡክ ወሬ ነው» ሲባል ይስማ? ይህን ያመጣበት አስተባባዩ ብቻ አይደለም፤ «አጋሩት» ያልነውም ነን።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። ስለዚህ ክፍል ከጓደኞቻችን ጋር ተከራክረናል፤ ይቅር ያሉን አሉ። አልቀረም።

በ2014 መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው፣ ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሲወርድ፣ የወሎ ዘመዶቻችን በየመንገዱ ሲበተኑ፣ ድሮን ሲመጣ ደስ ብሎናል። እንዋሽ? ደስ ብሎናል። ከዚያ በፊት በኅዳር 2013 ከትግራይ በኩል ሮኬት ወደ ባሕር ዳር ተተኩሶብናል፤ ድምፁን የሰማ ሰው ሥጋት ምን እንደሆነ ያውቃል። ደስታውን አንወቅስም። የምንወቅሰው ከደስታው በኋላ የጻፍነውን ነው። ባይራክታር የሙስሊም አገር ሥራ ነው ብለን ኮራን። እንዲያውም የሱረቱል ፊል ወፎች፣ አባቢል፣ በዘመናችን መጡ የሚል ጽሑፍ ዞረ፤ እኛም አጋርተነዋል። አስተግፊሩላህ። አባቢልን አላህ የላካቸው ቤቱን ሊያፈርስ በመጣ ሠራዊት ላይ ነው። ፋብሪካ የወጣን፣ በገንዘብ የተገዛን፣ ዛሬ ለዚህ ነገ ለዚያ የሚተኩስን ብረት ከአላህ ወፎች ጋር ማስተካከል ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ታኅሣሥ 29 ቀን 2014፣ ክርስቲያን ወገኖቻችን ገና ባከበሩበት ዕለት ሌሊት፣ በትግራይ ደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ ተመታ። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሴቶችና ሕፃናት አሉባቸው። ከቦታው የተገኘው ስብርባሪ ባይራክታር ከሚሸከመው ኤምኤኤም-ኤል ከሚባለው ቦምብ መሆኑን የመብት ድርጅቶች አጣርተው አሳወቁ። ያኔ ምን ጻፍን? ገጻችንን ወደ ኋላ ሄደን አየነው። በዚያ ሳምንት የለጠፍነው ስለ ጁሙዐ ቀን ትሩፋትና ስለ አንድ የሠርግ ጥሪ ነው። ስለ ደደቢት አንድ መስመር የለም። ሌሎችም በብዛት እንደኛው ነበሩ፤ የጻፉትም «የወያኔ ፕሮፓጋንዳ» ብለው አለፉት። ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያው ብረት በፍኖተ ሰላም ሰማይ ላይ ታየ፤ ያው «ፕሮፓጋንዳ ነው» የሚለው ቃል ደግሞ ከሌሎች አፍ ወደ እኛ መጣ። ቃሉን ያስተማርናቸው እኛ ነን።

ለጋዛ እናለቅሳለን፤ ማልቀስም ይገባናል። የጋዛ ሰው ቀን ከሌት ስለሚጮኽበት የድሮን ድምፅ ስንት ጽሑፍ አጋርተናል፣ በኹጥባ ስንት ጊዜ ዱዓ አድርገናል። ከዚህ ከባሕር ዳር በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ በሆነች ዋበር ላይ ስለሞቱት ግን በዚያው ሳምንት ሚንበር ላይ ቃል አልተነገረም። ፍርሃት ነበር፤ እንረዳለን። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። «የኛ ጦርነት አይደለም» የምትል ትንሽ ድምፅም ውስጣችን ነበረች። የመናኸሪያ ተሳፋሪ ሲሞት ሃይማኖቱን ማን ጠየቀው? ቢጠየቅስ፣ ለእኛ ምን ይለውጣል? አንዲት ነፍስ ያለ ሐቅ መግደል የሰውን ዘር ሁሉ እንደመግደል መሆኑን በሱረቱል ማኢዳ ስንቀራ ነፍሲቱ የማን እንደሆነች ተለይቶ አልተነገረን።

ኅዳር 23 ቀን 2016፣ ከወገልጤናው አምቡላንስ ሦስት ቀን በኋላ፣ በናይጄሪያ ካዱና ግዛት ቱዱን ቢሪ በምትባል መንደር ሙስሊሞች መውሊድ ለማክበር ተሰብስበው ነበር። የአገሪቱ ጦር ድሮን የታጣቂዎች ስብሰባ መስሎት መታቸው። ለርዳታ የመጡት ሰዎች የሰዎቹን መሰባሰብ አይተው ሲጠጉ ድጋሚ ተመቱ። የአገሪቱ የአደጋ ጊዜ ተቋም 85 ሬሳ መቀበሩን አሳወቀ። ይህን የምንጽፈው የእኛ ወገን ስለሆኑ ይበልጥ እንድታዝኑ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንድታዩ ነው። የምድር ጦሩ አዛዥ መንደሯ ድረስ ሄዶ ስህተቱ የኛ ነው አለ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ምርመራ ታዘዘ፣ በኋላም መኮንኖች ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሊቀርቡ መሆኑ ተነገረ። ፍትሕ ተፈጸመ አንልም፤ ሰማንያ አምስት ሰው በይቅርታ አይመለስም። ግን ቢያንስ ግሱ ፋዒል አገኘ። «መታን» ተባለ። እኛ አገር ይህን ግስ በዚህ አካሄድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በየካቲት 2017 መጨረሻ ስካይዊን የተባለው የድሮን ፋብሪካ ሲመረቅ ስለ ኩራትና ስለ ራስ መቻል ብዙ ተባለ። ራስን መቻል መልካም ነው። ራሱን የቻለ ሰው ያደረገውንም «አደረግሁ» ይላል።

እኛ ሙስሊሞች ይህ ሊገባን ሌላ ምክንያትም አለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሞጣ ላይ መስጂዶቻችን ተቃጠሉ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ጎንደር ላይ የአንድ ታላቅ ሸኽ ቀብር ላይ የነበሩ ወንድሞቻችን ተገደሉ። ያኔ «ግጭት ተፈጠረ» ተብሎ ሲጻፍ ምን እንደተሰማን አስታውሱ። ግጭት እንደ እንጉዳይ ከመሬት ተፈጠረ? ማን ማንን ነካ ብለን ጮኽን፤ ስማቸው ይጻፍ፣ ቁጥራቸው ይጻፍ፣ ያደረገው ይጠራ አልን። ልክ ነበርን። ያን የጠየቅነውን ዛሬ ለሌላው መከልከል አንችልም።

አንዳንድ ወንድሞች «ስለዚህ ጉዳይ መጻፍ ፊትና ነው፣ ተውት» ይሉናል። ከነሱ ውስጥ በዕድሜም በዒልምም የሚበልጡን አሉ፤ አክብረን እንመልሳለን። ያላጣራነውን መጻፍ ፊትና ነው፤ ይህን በራሳችን ላይ መስክረናል። ያጣራነውን መደበቅ ግን ለምስክርነት ተጠርቶ እምቢ ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ «መንደር ገብተው ሰው መሃል ስለሚሸሸጉት ታጣቂዎችስ ለምን አትጽፉም?» ይላሉ። እንጽፋለን። የገበሬ ቤት ገብቶ በልቶ፣ ተኝቶ፣ ሌሊቱን ወጥቶ ሄዶ፣ በማግሥቱ የሚመጣውን ለባለቤቷና ለልጆቿ የሚተው ታጣቂ በደለኛ ነው። ያየ ሰው ካለ ይምጣ፣ ይንገረን። እሱ ግን ከላይ ለሚተኩሰው ፈቃድ አይሆንለትም፤ የአንዱ በደል የሌላውን አያጥበውም።

ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ይህ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ ተማክረናል። የጥቃት ወሬ የምንለጥፈው በዐይኑ ያየ ሰው፣ ወይም ካየው ሰው በቀጥታ የሰማና እኛ የምናውቀው ሰው ሲነግረን ነው። «ከውስጥ አዋቂ» ተቀባይነት የለውም፤ ስሙን ለሕዝብ ባናወጣውም እኛ ልናውቀው ግድ ነው። ቁጥር ስንጽፍ ማን እንደቆጠረው አብረን እንጽፋለን። ፎቶ ማን እንዳነሣውና መቼ እንደተነሣ ካልታወቀ አይወጣም፤ ቢያስለቅስም። የሟች ስም ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አንጽፍም፤ ስም መጻፍ በዚህ ዘመን ለሞተው ክብር፣ ለተረፈው ግን አደጋ ሊሆን ይችላል። ተሳስተን ከተገኘን እርማቱ ስህተቱ በቆየበት ቦታ፣ ከላይ ተሰቅሎ ይቆያል። ይህን የሚያህል ጥንቃቄ ወሬውን ያዘገየዋል። ይዘግይ። ቡኻሪ አልቸኮሉም።

የዘገየውን እርማታችንንም አሁን እናድርግ። በዚያ ምሽት የለጠፍነው ፎቶ የየመን ነው። የጠቀስናት ከተማ በዚያ ቀን አልተመታችም። የጻፍነው የሟቾች ቁጥር ከየት እንደመጣ እኛም የላከልንም ልጅ አናውቅም። ያን ጽሑፍ ያጋራችሁ ሁሉ ይህንንም አጋሩት።

ነጋዴው ወንድማችን ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት እንዲያነበው ሰጥተነው ነበር። አንድ ነገር ብቻ አሳረመን። እኛ ወንድሙን ሻይ ሲጠጣ አገኘው ብለን ጽፈን ነበር፤ ቡና ነው የነበረው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።